የጁምዓ ፊት

ዘይቱና ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ የካራቆሬ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አስፋልት ዳር፣ ማንጎና ሎሚ ትሸጣለች። ባሏ ሀሩን ጅዳ ሄዶ የሕንፃ ዘበኛ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የሚተያዩት ጁምዓ ጁምዓ ነው፤ እሱ ከሶላት ሲመለስ በኢሞ ይደውልላታል።

ሲሄድ የተሰናበተው ፊት ግን አሁን የለም። የቆላው ፀሐይ ጉንጯን አጥቁሮታል፤ በዚያ ላይ ማድያት ወጥቶባታል። መጀመሪያ ያየባት ጊዜ ሀሩን ደንግጦ፣ "አሞሽ ነው የደበቅሽኝ?" እያለ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ወዲህ እንዲያይባት አልፈለገችም።

ዘዴውን ያሳየቻት ጎረቤቷ ራሔል ነበረች፤ የሴቶች ውበት ሳሎን አላት። "የተቀባሽ ከመሰልሽ ከስረሻል" አለቻት። "እንቅልፍ የጠገበች ሴት ነው መምሰል ያለብሽ።"

እሱን መምሰል ደግሞ ልፋት አለው። ጁምዓ ጠዋት ማንጎዋን ለጎኗ ነጋዴ አደራ ሰጥታ ሳሎኑ ትገባለች። ታጥባ፣ ላቧ እስኪደርቅ ፋን ሥር ትቀመጣለች። ማድያቱ ላይ ብቻ ብርቱካንማ ቅባት ጠብ አድርጋ በጣቷ ጫፍ እየነካካች ታሳሳዋለች። በላዩ ፋውንዴሽን፣ ከዚያ ፓውደር፤ ሁሉም በስሱ። ከንፈሯን ትቀባና መልሳ ትጠርገዋለች፤ የራሷ ወዝ እንዲመስል። አንዳንዴ ሙቀቱ ሁሉንም ያቀልጠውና እንደገና ትጀምራለች።

"ማሻአላህ! ትናንት የተለየሁሽ ነው የምትመስይው" ይላታል ሀሩን።

"ምን ተቀባሁና" ትለዋለች።

ባለፈው የማንጎ ወቅት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ስልኳ ጮኸ። ሀሩን ነበር። ክፉ ወሬ መሰላትና ከነላቧ፣ ከነአቧራዋ አነሳችው።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምንም፤ ናፈቅሽኝ።" ከዚያ ትክ ብሎ አያት። "ዘይቱ... ፊትሽ..."

"ፀሐይ ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው" አለችው። "ጁምዓ ጁምዓ እየሸፈንኩት ነው።"

ባጃጆች እየጮሁ በአጠገቧ አለፉ። ሀሩን ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

"እኔ እኮ አንቺ እንደነበርሽ ስትሆኚብኝ፣ ጊዜው የቆመ ይመስለኝ ነበር። በየጊዜው 'አንድ ኮንትራት ልጨምር' የምለው ለዚያ ነው። ለካ ጊዜው ሄዷል።" ፊቱን ከስልኩ አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "ወላሂ፣ ይሄ ሲያልቅ አላሳድስም።"

ኮንትራቱ ገና አላለቀም። ዘይቱና አሁን በማንኛውም ቀን ሲደውል ማንጎዋ አጠገብ ቁጭ እንዳለች ታነሳዋለች። በቀደም ራሔል ሳሎኗ በር ላይ ቆማ፣ "ከዚያ ሁሉ ልፋት ተገላገልሽ" አለቻት።

"የጁምዓው ጠዋት ግን ይናፍቀኛል" አለች ዘይቱና። "ስቀባባ፣ ሀሩን ከበር ውጭ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።"