ያለማመድኋቸው አሮጊቶች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልናገር አርጅቻለሁ። ስለ አይጥ ባወራላቸው ይስቁብኛል እል ነበር። ውሸቴን ነው። «ታዲያ የተጎዳው ማን ነው?» ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው።

ጎንደር ውስጥ አንድ የምርምር ቤት አይጥ እጠብቅ ነበር። ውሃ አጠጣለሁ፣ ሰጋቱራ እለውጣለሁ። ስመኝ የምትባል የማክሰኝት ልጅ ለመመረቂያዋ ጥናት መጣች። አይጥ ሲያረጅ እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚደክም፣ ወንዱና ሴቷ በዚህ ይለያዩ እንደሆነ፣ ከዘራቸው አንድ ነገር የተለወጠባቸውስ ቀድመው ይደክሙ እንደሆነ ታጠናለች። በሚሽከረከር በትር ላይ ታወጣቸውና ማን ቶሎ እንደሚወድቅ ታያለች። ቀድሞ የተለማመደ አይጥ ከገባ ፈተናው ይበላሻል። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም።

አስተማሪዋ ልጄ የሚሆን ዶክተር ነው። እኔን «አንቺ» ይለኛል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ አየና፣ ተማሪዎቹ ፊት፣ «አልጋነሽ፣ ቀድመው የሚወድቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ አንቺንም በትሩ ላይ እናውጣሽ እንዴ?» አለኝ። ሳቁ። ስመኝ ብቻ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ በሩን እዘጋለሁ። አሮጊቶቹን ሴት አይጦች አለማመድኋቸው። እኔ ነኝ ያለማመድኋቸው። ሲወድቁ አነሳለሁ፣ መልሼ አወጣለሁ። እሱ ይፈር ብዬ። የማን መውደቅ ነበር እንዲያ ያንገበገበኝ? የእነሱ ወይስ የእኔ?

በፈተናው ቀን ከወጣቶቹ እኩል ቆዩ። ስመኝ አቀፈችኝ። «እትዬ፣ አሮጊቶቼ ምነው እንዲህ ሸጋ ሆኑ!»

ዶክተሩ አላመነም። «በአሮጊቶቹ ቦታ ወጣት አይጥ አስገብተሻል» አላት።

«ቁስቋምን! አላደረግሁም» ብላ ማለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ እንጂ!»

መጥረጊያዬን እንደያዝሁ፣ «እኔ ማጽዳት እንጂ ምን አውቃለሁ» አልሁ።

ጥናቷ ተሰረዘ። ሻንጣዋን ይዛ ማክሰኝት ገባች። ስትሄድ ጉንጬን ስማኝ ነው የሄደችው።

ዶክተሩን ዛሬም ይቅር አላልሁትም፤ አልልም። ግን እሱ በአፉ ነው ያቆሰለኝ። ልጅቷን የጣልኋት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት በእሱ አሳበብሁ!

አሁን ቁስቋም ሰፈር፣ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከአልጋዬ እስከ በሩ ግድግዳ ይዤ እሄዳለሁ። በመንገዱ የሚያልፉት ድምፃቸው ይሰማኛል፤ የሚያንኳኳ የለም። ማክሰኝት በመኪና ቅርብ ነበር። ጉልበቴ ከዛሬው ሲሻል ለምን አልሄድሁም? ያኔም በጉልበቴ አሳብብ ነበር።

ስመኝ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አይጦችሽን የነካኋቸው እኔ ነኝ። «ምን አውቃለሁ» ያልሁሽ ሁሉንም እያወቅሁ ነው።