ለይለፍ ቃል የታረደ በግ

በእኛ በነጋዴዎቹ ዘንድ ዘበኛ ያለ ዋስ አይቀጠርም። ዘበኛው አመል ካወጣ ዋሱን ትጠራለህ፣ ቁልፍህን ትቀበላለህ፣ መርቀህ ትሸኘዋለህ። ደሴ ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ ስሸጥ ስንቱን ዘበኛ እንዲህ አሰናብቻለሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ ኮምፒውተር ውስጥ የገባውን ዘበኛ ለማስወጣት ግን በግ ማረድ ነበረብኝ።

ያስገባው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነው። ቤታችን ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሐኪም እንደሚያደርገው ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን «ይኼ በቫይረስ ሊያልቅ ነው» አለና የጥበቃ ፕሮግራም ጫነልን። ማንም ነካክቶ እንዳያጠፋው በይለፍ ቃል ቆለፈው። ቃሉን ለማንም ሳይነግር ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ፕሮግራሙ ጥቂት ጊዜ በነፃ ጠበቀን፤ ከዚያ አመሉን አወጣ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀይ ሰሌዳ እየዘረጋ «አደጋ ላይ ናችሁ፤ ክፈሉና ላድናችሁ» ይል ጀመር። እንዲህ እያለ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ጎረምሳ ቢመጣ ምን ብለን እንደምንጠራው እናውቃለን። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ ደኅንነት ነው።

እኔም ልገላገለው ብዬ የፕሮግራሙን ምስል ከስክሪኑ ላይ ጎትቼ የኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ቀዩ ሰሌዳ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ለካ የነቀልኩት ታፔላውን ነው፤ ሱቁ እዚያው ቆሟል። ልጄ የፕሮግራሙ ማራገፊያ ያለበትን ቦታ አሳየችኝ። እዚያም ስንገባ «የይለፍ ቃል» አለን።

ይኼን ሁሉ እንደ ዝናብ ቀን ችዬው እኖር ነበር፤ የልጄን የመመረቂያ ጽሑፍ ባያስርብኝ። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የጻፈችውን ሁሉ «አደገኛ ነው» ብሎ ወስዶ ቆለፈባት። በፍላሽ የያዘችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነበር። ጽሑፉ እሑድ ከመምሸቱ በፊት አማካሪዋ ጋ ካልደረሰ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ጥገና ቤት ብንወስደው ባለሙያው ሳያየው «ፎርማት ነው፤ ሁሉም ይጠፋል፣ ንጹሕ ይሆናል» አለ። ትኋን አስቸገረኝ ላለ ሰው ቤትህን አቃጥል ማለት ነው።

የቀረን የሚስቴ ወንድም ነው። እሱ ደግሞ ከዐረፋ ጀምሮ አኩርፎናል። ሚስቴ ደወለችና ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው።

«ወንድምዬ፣ የዚያን ፕሮግራም ቃል ንገረን እስቲ።»

«ዛሬ ወንድምሽ ሆንኩ? ለዐረፋ ሳትጠብቁኝ ስታርዱ ማን ነበርኩ?»

«መኪናህ ሐረጎ ዳገት ላይ ተበላሽቶ ቆመ፤ በጉ ምን ያድርግህ?»

«ቃል በስልክ አይሰጥም። ሽማግሌ ላኩ!» አለና ዘጋው።

እኔ በሥራዬ የማይከራከሩትን ዋጋ በድምፁ እለየዋለሁ። የሚስቴን አጎትና ጎረቤታችንን ሐጂን ለመንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ ወርደው ከሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«አብሽር! ተራ ነገር ነው» አሉኝ ሐጂ። «ነገ ይመጣል። ዓይኑ እያየ በግ ይታረድለታል። በቃ፣ ዕርቅ ነው።»

«ቃሉንስ ነገራችሁ?»

«የምን ቃል?»

«የኮምፒውተሩ ነዋ፣ ሐጂ!»

ወደ አጎትየው ዞሩ። አጎትየው ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን እንኳ አላነሣነውም» አሉ። «ዕርቅ ላይ ዕቃ አይነሣም፣ ነውር ነው።»

እሑድ ከሰዓት ታረደ። አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ቆሞ አየ፣ ረካ፣ እጁን ታጠበና ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ። ሽማግሌዎቹም እንደ ችሎት ከኋላው ተደረደሩ። በግራ እጁ እየከለለ ቃሉን በቀኙ ጻፈ። ፕሮግራሙ እሺ አለና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ልጄ ለሽማግሌዎቹ ተረጎመችላቸው፦

«ያሰርኳቸውንም አብሬ ልደምስስ ወይ? ይላል።»

«ይደምስስ እንጂ!» አሉ ሐጂ። «የተባረረ ዘበኛ ጓዙን ጥሎ አይሄድም። ከነሥሩ ይነቀል!»

አማቼ ለሽማግሌ መታዘዝ የዚያን ቀን ብሶበታል። ጣቱን ሲያነሣ ልጄ አንጓውን ጨምድዳ ያዘችው።

«አጎቴ፣ በአላህ! ጓዙ እኮ የእኔ ነው! ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው!»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው መጀመሪያ እስረኛው ይፈታ» ብለው ፍርዳቸውን አሻሻሉ። እንዲህ በፍጥነት የተሻሻለ ፍርድ አይቼ አላውቅም።

ወደ ኋላ ተመልሰው እስር ቤቱን ከፈቱ። ጽሑፏ ወጣ። ልጄ ገጽ በገጽ እየገለጠች እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ወረደች፤ ሙሉ ነው። የስልኳን ኢንተርኔት አገናኝታ ለአማካሪዋ ላከችው። መላኩን የምታሳየው መስመር ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች። አጎትየው «ሐረጎ ላይ ደረሰ?» አሉ። አማቼ ብቻ አልሳቀም።

መላኩ ሲያልቅ ማራገፉ ቀጠለ። ፕሮግራሙ በር ላይ ቆሞ «ለምን ተለያየን? ምን ቅር አሰኘኋችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሐጂ «አትመልሱለት፣ ነገር ያረዝማል» አሉ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፤ አማቼ የተረፈውን ማኅደር ፈልጎ ደመሰሰ። ቀዩ ሰሌዳ የለም።

ወጡ ቀርቦ ማንም አልጎረሰም፤ ሁሉም የልጄን ስልክ ያያል። ሊመሽ ሲል ጮኸ። አማካሪዋ «ደርሶኛል» ብሏል፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረበትም። እናቷ እልል አለች፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ እኔም ወንበሩ ላይ የነበረ አንሶላ የማጥፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

አማቼ በዚህ ደስታ መሐል ኪሱን ዳሰሰና ፍላሽ አወጣ። «ኮምፒውተር እኮ እንዲህ ያለ ጠባቂ ባዶውን አያድርም። አሁን የመጣ አንድ ጎበዝ ዘበኛ...»

ሚስቴ ፍላሹን ከእጁ ላይ ወሰደችና በምትኩ ጎድን አስጨበጠችው።