የፋይል ካቢኔቶቹ ጋራዥ ሲገቡ

ባለቤቴ ቀራንዮ ግቢያችን ጓሮ በቆርቆሮ የከለላት ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። ሙያውን የሚያማው ሰው አልነበረም፤ ዕቃ አያያዙ ግን ለጉድ ነው። ካቻቢቴ ከአልጋ ሥር፣ ብሎን ከስኒ ውስጥ አገኛለሁ። አንድ ቀን ሽሮ ላወጣ ጣሳውን ብከፍት ዳዶ ሞልቶበታል።

"ለጊዜው ነው" አለኝ። ሽሮዬን የት እንደገለበጠው ግን አላስታወሰም።

እኔ ያኔ በደርጉ ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጣራው አፍስሶባቸው የዛጉ ሁለት የፋይል ካቢኔቶች ለሠራተኛ ይሸጣሉ ሲባል ቀድሜ ወሰድኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር በፈረስ ጋሪ ጭነን በአየር ጤና በኩል ስንመጣ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጠመንጃ ያነገቡ አንድ ሽማግሌ የአብዮት ጥበቃ አስቆሙን። የመውጫ ወረቀቱን አዩ፤ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ሳቡ። አንዱ አልከፈት አላቸው።

"ይኼስ?"

"ቁልፉ ጠፍቷል፣ አባባ።"

"ምን እንዳለበት ሳታውቁ ነው የገዛችሁት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው እዚሁ ይከፈት።"

በዚያን ጊዜ የተቆለፈ ነገር ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም። ባለቤቴ በካቻቢቴ ሲታገል እኔ ካቢኔቱን ደግፌ ያዝኩለት። መሳቢያው ሲከፈት ግን ውስጡ የነበረው አንድ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ማንኪያና በላስቲክ የታሰረ፣ ድንጋይ የሆነ ስኳር ነበር።

ኩባያውን አወቅሁት። ጡረታ የወጡት የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ኩባያ ነው። ሻይ ሲጋብዙን ሁልጊዜ "ስኳር እኮ ጠፋ ልጆቼ" ይሉን ነበር። ይህን ስነግራቸው ባለቤቴ ሳቀ፤ ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከስኳሩ አልነቀሉም። ስኳር በቀበሌ ራሽን፣ ያውም ሲገኝ፣ የሚታደልበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ከረሜላ አፉ ውስጥ ይዞ ነበር ሻይ የሚጠጣው።

"ይኼ በቸልታ የሚታለፍ ዕቃ አይደለም" አሉ ኮስተር ብለው። ከዚያ ወደ ማዶው ሻይ ቤት ዞር አሉና፣ "ሻይ ቅጂልን እስቲ፤ ስኳሩ ከእኛ ነው" አሏት ሻይ ሻጯን።

ባለቤቴ ስኳሩን በመዶሻ ፈረካከሰው። ባለጋሪው ሻዩ ሽሮፕ እስኪመስል ጨመረበት። ሽማግሌው ደግመው አስቀዱና የቀረውን ስኳር ራሳቸው አስረው ለእኔ ሰጡኝ።

በማግስቱ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ከታክሲ ሥራ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባናቸው። መሳቢያዎቹን በዘይት ቆርቆሮ ከፋፈልናቸው። ባለቤቴ ለእጄ ይቀርበኛል ብሎ ከባድ ከባዱን ብረት ሁሉ ከላይኛው ውስጥ ሞላ። ገና ሲስበው ካቢኔቱ ተደፋበት፤ በሁለት እጁ አቅፎ አስቀረው። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ የሚስም ነበር የሚመስለው።

"ነይማ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እየሳቅሽም ቢሆን ነይ።"

እንደምንም አቃንተን ከባዱን ወደታች አወረድነው፤ ካቢኔቶቹንም ከግድግዳው ቋሚ ጋር በብሎን አሰርናቸው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የተበተነ ነገር ማየት የማይወድ ሰው ሆነ። ሥራ ሲጨርስ መሳቢያ ይስባል፣ ያያል፣ መልሶ ይዘጋል። ምን ጠፍቶህ ነው ስለው፣

"ምንም። መኖሩን ላይ ብዬ ነው" ይለኛል።