ከመንደሩ የራቀችው ጎጆ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለቄሳችንም አልነገርኳቸውም። በአስተስርዮ ቀን ጾሜ ስቆም እንኳ «ያጠፋሁትን ይቅር በለኝ» ብዬ በጅምላ ነው ያለፍኩት፤ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። እናንተ የምታነቡ፣ ዛሬ ስሙኝ። እኔ ቀንቼ ፈረድኩ። እያወቅሁ ዋሸሁ።

እዚህ እስራኤል አገር፣ ረሖቮት ከተማ፣ ማትናስ በምንለው የሰፈራችን ማዕከል፣ ዲዮራማ የምንሠራ ሰዎች እንሰበሰባለን። አንድን ቦታ ከነቤቱ ከነሰዉ አሳንሰን በጣውላ ላይ እናቆማለን። እኔ ከጦሩ ከወጣሁ ጀምሮ ጂፕና ታንክ ስሠራ ኖሬአለሁ፤ ዋንጫም አለኝ። ትርንጎን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የምትሠራ፣ ሳቅ የማይለያት ሴት ናት። ሙጫ አቀባቡን፣ ቀለም አደራረቁን፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሥራውን በወረቀት ማቀዱን አሳየኋት። «ጋሼ» ትለኝ ነበር። አሁንም ትለኛለች፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

በየዓመቱ ሥራችንን እናወዳድራለን፤ አንድ ዓመት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኔ ነበርኩ። ትርንጎ ያቀረበችው የእናቷን የእማማ ሽታዬን መንደር ነበር፤ ጎንደር ውስጥ፣ ከእኛ መንደር ወንዝ ማዶ ያለውን። ጎጆዎቹን በመጥረጊያ ጭራ ከድናቸዋለች። ጸሎት ቤቱ ከፍ ብሎ ቆሟል። ከሁሉ ርቃ፣ ከባዶው መስክ ጫፍ ላይ፣ ዙሪያዋን በድንጋይ የታጠረች አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች። አንዲት ልጅ ከድንጋዩ ውጭ ቆማ ሳህን ታስቀምጣለች፤ አንዲት ሴት ከበሩ ሆና ታያታለች።

የመርገም ጎጆ ናት። የእኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች በወር አበባቸውና በምጣቸው ጊዜ፣ እስኪነጹ ድረስ፣ ከመንደሩና ከጸሎት ቤቱ ርቀው የሚቀመጡባት። ድንጋዩን ማንም አያልፍም፤ ምግቡም ከድንጋዩ ላይ ይቀመጥላቸዋል። ትርንጎ ራሷ የተወለደችው እንዲህ ባለች ጎጆ ነው። እኔ ይህን አላውቅም? እኔም ለእናቴ ከድንጋዩ ላይ ሳህን ያስቀመጥኩ ልጅ ነኝ!

ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ታንክ ስለጥፍ የራሴን መንደር ለመሥራት ለምን አላሰብኩም? እሷ እንዴት ቀደመችኝ? ትናንት ብሩሽ ያስያዝኳት! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ አልኩ በሆዴ። ማን ነከሰኝ? ማንም። ቅናት ነው የነከሰኝ።

አዳኛኘታችን ሕግ አለው። መጀመሪያ የእጁን ጥራት እናያለን፣ ከዚያ ልኬቱን፣ በመጨረሻ ዕቅዱን። ያለ ምክንያት የተተወ ባዶ ቦታ ነጥብ ያስቀንሳል። ሠሪው ቀርቦ አያስረዳም፤ ከሥራው አጠገብ ጥቂት መስመር መጻፍ ግን ይችላል። ትርንጎ ምንም አልጻፈችም።

ቦሪስ የሚባለው ሁለተኛው ዳኛ በባትሪው ጎጆዋን አበራት።

«እጇ ግሩም ነው» አለ። «ግን ይቺ ቤት ለምን ብቻዋን እዚያ ሄደች? ግማሹ ጣውላ ባዶ ነው። አንተ የዚያ አገር ሰው ነህ፤ ምክንያት አለው?»

ምክንያቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«እኔ የማውቀው ምክንያት የለም» አልኩ። «የዕቅድ ጉድለት ነው።»

አመኑኝ። እንዴት አያምኑኝ? አንደኝነቱ ለአንድ ታንክ ሄደ። አንደኛ የወጣ ሥራ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ይቆማል፤ ትርንጎም እግራቸው የደከመ እናቷን እዚያ ወስዳ መንደራቸውን ልታሳያቸው ነበር ልቧ። ይህንንም አውቅ ነበር።

መጥታ «ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» አለችኝ።

«ጎጆዋ ራቀች። ዓይን ይበትናል።»

«እርስዎ ዳኛ ነዎት፣ እርስዎ ያውቁታል ብዬ እኮ ነው ያልጻፍኩት።»

«ውድድር ነው ትርንጎ፣ ሕግ አለው።»

«ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ» አለች። አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

በዓመቱ ያንኑ መንደር ይዛ መጣች። ጣውላውን ቆርጣ አሳጥራዋለች። ጎጆዋን ከነድንጋዩ፣ ከነባለሳህኗ ልጅ አምጥታ ከጸሎት ቤቱ ግድግዳ ሥር አስጠግታታለች። ባዶ ቦታ የለም፤ ዓይን አይበተንም። ቦሪስ ደስ አለው። እኔስ? ዳግመኛ ዳኛ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ እንኳ አፌን ብከፍት ይቃና ነበር። አልከፈትኩም። ባዶውን መስክ ስታጣው ሥራዋ እንዳነሰ አየሁና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንደኛ አልናት።

እማማ ሽታዬን ኦሺዮት ሰፈር ካለው ቤታቸው በተሽከርካሪ ወንበር አመጧቸው። እኔም አስተማሪዋ ነኝና ተጠርቼ ከጎናቸው ቆምኩ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ጣታቸው ከጎጆዋ ላይ ቆመ።

«ይቺ የመርገም ጎጆ አይደለችም?»

«ናት፣ እማ።»

«ከጸሎት ቤቱ ሥር? ኧረ ልጄ! እኛ እንዲህ ነበርን? ሰዉ ምን ይለናል? ማን ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

የትርንጎ ፊት አመድ መሰለ። በእኔ አላሳበበችም። «ለውድድሩ ብዬ ነው፣ እማ» ብቻ አለች።

እማማ ሽታዬ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንተ እያለህ?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ እኔም እንደ እሳቸው በጎጆዋ ያፈርኩ መስሏቸው ይሆናል፣ እጄን ዳበስ አደረጉኝ።

ቅናት ነው ያሳተኝ ብዬ የአብዬን ወደ እምዬ አላዞርም፤ ቅናቱም የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የተጠየቅሁትን ብቻ፣ ያኔ ያልመለስኩትን፣ ልመልስ።

አዎ፣ እማማ ሽታዬ። እኔ እያለሁ ነው።