ለሁለቱም ቡድን የተደረገ ዱዓ

ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ወዳለው የወዳጄ ልብስ ስፌት ቤት ሱሪ ለማሳጠር የሚመጣ ደንበኛ ሱሪውን አስቀምጦ ቢሄድ ይሻለዋል። በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናው ይቆማል፤ የሚሠራው አፍ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጡረታ የወጡት መምህርና እኔ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ነን፤ በአንድ ነገር ግን ተስማምተን አናውቅም። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ እወጣለሁ። ሚስቴ "ለኳስ ነው ለወሬ የምትሄደው?" ትለኛለች። እውነቱን ለመናገር ለወሬ ነው።

ወሬውም ሁሌ በዝውውር ይጀምራል።

"ወላሂ፣ አንድ ደህና አጥቂ ቢያስፈርሙልን ዘንድሮ የሚችለን የለም" ይላል ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

"አምና ያስፈረሙልንስ?" ይላሉ መምህሩ። "የደሴ ብርድ አልተስማማኝም ብሎ ግማሹን ዓመት በጃኬት ተጠቅልሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አይደል የከረመው?"

"እሱስ ብርዱ ነው። ተከላካዩን አያነሱም? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!"

ከዝውውር ወደ ስታዲየሙ እንሻገራለን። ክለባችን ሜዳው ደረጃውን አያሟላም ተብሎ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ስንት ጊዜው! በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን ቀርተናል። ልብስ ሰፊው ጥፋቱ የሣሩ ነው ይላል፣ መምህሩ የመልበሻ ክፍሉ ነው ይላሉ፣ እኔ ደግሞ የሁላችንም ነው እልና ሁለቱንም አስቆጣለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ቢሆንም ሳንወቅጠው የቀረንበት ቅዳሜ የለም።

መጨረሻ ላይ መምህሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ይሄኔ ወዴት እንደምንሄድ አውቃለሁ።

"ያን የወጣት ቡድን ብንይዘው ኖሮ ዛሬ ማንንም ባልለመንን" ይላሉ። "የገራዶ ልጅ፣ የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ሁሉም የእናቱን ምሳ በልቶ የሚመጣ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።"

ከሁለቱ ዋንጫዎች አንዱ አሁን ክለቡ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆኗል። የሌላውን አድራሻ የሚያውቅ የለም።

"ሦስተኛውም የኛ ነበር" ይላል ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳቁን እያፈነ። "አባትህ በዱዓ ባይሰጡብን ኖሮ።"

ሁለቱም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ወደ ሠላሳ ዓመት ሊጠጋ ነው እንዲህ ስስቅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ የቅጥቅጥ አውቶብስ ሾፌር ነበር። እኔ የወጣት ቡድኑ አጥቂ ስሆን ቡድኑን ወደ ጨዋታ የሚያጓጉዘው እሱ ሆነ። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ሁልጊዜ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ መዳፉን ይዘረጋል፤ ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን ይላል፤ አምበላችን ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ያማትብበታል። እንደዚያ እየተባለ ነው ሁለቱ ዋንጫዎች የመጡት። በሦስተኛው ዓመት የአባቴ ዱዓ ከአሰልጣኙ ምክር በላይ ሆነ። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሜዳ ድረስ እየመጣ መሐላችን ይቆም ጀመር።

የዚያ ዓመት የዋንጫ ጨዋታ ኮምቦልቻ ላይ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ከሩቅ አገር ነው የመጡት። መንገድ ላይ ደጋን ከተማ ሲደርሱ መኪናቸው ተበላሽቶ፣ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ ምሳ ሳይበሉ ሜዳው ዳር ደረሱ። አባቴ ይህን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ሮጦ ሄዶ ዳቦና ሙዝ አምጥቶ በእጁ አደላቸው። አሰልጣኛችን "ኧረ ጠላት እየቀለቡ ነው!" ብሎ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። አባቴ "ወሎ የገባ እንግዳ በባዶ ሆዱ አይጫወትም" ብሎ ዝም አሰኘው።

ከዚያ መጥቶ መሐላችን ቆመና መዳፉን ዘረጋ።

"ያ ረቢ! ልጆቻችንን አታሳፍርብን። እንግዶቻችንንም አዝነው አትመልስብን።"

"አሚን!" አልን በአንድ ድምፅ። ማንም ምን እንደተባለ ልብ አላለም። ዱዓ ሲደረግ አሚን ይባላል፣ አበቃ።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀና ወደ መለያ ምት ሄድን። የኛን የመጨረሻዋን ምት የምመታው እኔ ነበርኩ። ካገባኋት እንቀጥላለን፣ ከሳትኳት ዋንጫው የነሱ ነው።

እዚህ ላይ ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር አለ። ሜዳው ዳር ጥላ ስር ከተቀመጡት ሰዎች መሐል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰውዬ ነበር፤ ለትልቅ ክለብ ልጅ የሚመለምል ነው ተብሎ ጠዋት በሹክሹክታ ተነግሮኛል። እኔ ኳሷን ሳስቀምጥ በረኛውን አላየሁም፤ ያየሁት እሱን ነው። በልምምድ ጊዜ እንደለመድኩት ወደ ጥግ ጠንከር አድርጌ በመምታት ፈንታ፣ ይቺን ልጅነቴን የበላች ኳስ ከሥሯ በስሱ ነካ አድርጌ በበረኛው አናት ላሳልፋት አማረኝ። እንዲያይልኝ። እንዲያስፈርመኝ። በረኛው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፤ ሎሚ ተወርውሮለት እንደሚቀልብ ሰው ኳሷን በሁለት እጁ ተቀበላት። ሰውዬውም ተነስቶ ኮቱን አራግፎ ሄደ።

በአባቴ አውቶብስ ወደ ደሴ ተመለስን። አባቴ ፊት ለፊት እያየ ይነዳል። ሐረጎ ላይ ጉም ይዞን መኪናው ቀስ ሲል፣ አምበላችን ወደ እኔ ዞሮ "ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የመታሃት?" አለኝ። የሁሉም ዐይን ፊቴ ላይ አረፈ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ "ዱዓው ነው" አልኩ። "አባዬ ለነሱም ዱዓ አድርጎ የለ? እንግዶቹ አዝነው አይመለሱ አላለም?"

አንዱ "እውነቱን ነው እኮ!" አለ። ሌላው ዱዓውን ቃል በቃል አስታወሰ። ጠመዝማዛውን ጨርሰን ደሴ ስንገባ ጥፋቱ ከእግሬ ላይ ተነስቶ የአባቴ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ሌላ መኪና ተከራየ። አሰልጣኙ "ለማንኛውም ብለን ነው እንጂ በክፋት አይደለም" አለ። አባቴ "ኸይር ነው" ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ስታዲየም ረግጦ አያውቅም። የክለቡን ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማል፤ ሲያገቡ ጉልበቱን መታ ያደርጋል፤ ሲገባባቸው ሬዲዮውን ይቀንሳል። አሁን የደሴ ብርድ ለጉልበቱ አልሆን ብሎት ኮምቦልቻ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ሬዲዮውን ይዞ ነው የወረደው።

ዘንድሮ ክለቡ እንደገና ወጣት ቡድን አቋቋመ። የስታዲየሙም እድሳት ገና ባያልቅም ታዳጊዎቹ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን እዚያው ደሴ፣ በገዛ ሜዳቸው እንዲያደርጉ ተፈቀደ። ይህ በተሰማበት ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ቁምጣ ሲተኩስ አገኘሁት፤ ካውያውን አስቀምጦ ተነሳ።

"አባትህን ይዘሃቸው ና። መጀመሪያውን በዱዓ እናስይዘው።"

"ለማን ነው ዱዓው?" አሉ መምህሩ። "አስቀድመን እንወቀው እንጂ!"

ተሳሳቁ። እኔ ግን ያን ዕለት መሳቅ አቃተኝ። ሰማንያ የሞላው አባቴ ስንት ስታዲየም ሊያይ ነው?

ማታ እራት ላይ ነገርኩት። ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አሰበ።

"ለማየት ከሆነ እሄዳለሁ" አለ። "ዱዓ ግን ሌላ ሰው ያድርግላቸው። እኔ ለኳስ ዱዓ አልችልበትም።"

የተናገረው ያለ ምንም ቅሬታ ነው፤ የበለጠ የከበደኝም እሱ ነው። በቁጣ ቢለው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የአባቴን ያህል ዱዓ የሚችልበት ሰው አላውቅም፤ አልችልም እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የጨዋታው ቀን አባቴን ጋቢ አልብሼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ደሴ ወጣን። ሐረጎን እስክንጨርስ ሾፌሩን "ማርሽ ቀንስ፣ ልጄ" ሲለው ነበር። ስታዲየሙ በር ላይ ልብስ ሰፊውና መምህሩ ጠበቁን። መምህሩ ኮፍያቸውን አንስተው ሰላም አሉት፤ ልብስ ሰፊው እጁን ስሞ ሲያበቃ አፉን መያዝ አልቻለም።

"አደራዎትን አባባ፣ ዛሬ ለኛ ብቻ ይበሉ! እንግዶቹን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልን!"

በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አባቴም ፈገግ አለ፤ እጆቹ ግን ቀስ ብለው ጋቢው ውስጥ ገቡ። ያን ሳይ አልቻልኩም።

"ዱዓው አልነበረም" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። "የዚያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጣው መልማይ እንዲያስፈርመኝ ብዬ ነው በጌጥ የመታኋት። ጥግ ላይ ብመታት ገብታ ነበር። መኪና ውስጥ 'ዱዓው ነው' ያልኩትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።"

ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደሚፈልግ ሰው አንገቱን ዳሰሰ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ።

"አባዬ፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ዐይኑ ዳር ላይ ያቺ የድሮ ተንኮል ያለችበት ፈገግታ ነበረች።

"ሾፌር እኮ መስታወት አለው" አለ። "ሐረጎ ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አፍህ ሲንቀሳቀስ አይቼሃለሁ። ሰምቼሃለሁም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበል? ልጆቹ ሊበሉህ ነበር። እኔን ቢጠሉኝ መኪና ይቀይራሉ፤ አንተን ቢጠሉህ በምን ይቀይሩሃል?" ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። "ስትነግረኝ ብዬ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆየህ እንጂ።"

ልብስ ሰፊው ዐይኑን በእጅጌው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው አባቴን ክንዱን ይዞ፣ መንገድ አስለቅቆ፣ የኛ ታዳጊዎች ክብ ሠርተው ወደቆሙበት አስገባው። ልጆቹ ማን እንደሆነ አያውቁም። ነጭ ጢሙን አይተው ብቻ ቦታ ለቀቁለት። ሜዳው በወዲያ በኩል እንግዶቹ ማሊያቸውን እያጠለቁ ነበር። አባቴ እነሱንም ልጆቹንም ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ እጆቹን ከጋቢው አወጣ።

"ያ ረቢ" አለ። "ልጆቻችንን አታሳፍርብን። እንግዶቻችንንም አዝነው አትመልስብን።"

ከኋላዬ ልብስ ሰፊው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁት። አባቴ ግን አልጨረሰም፤ መዳፉን እንደዘረጋ ወደ እኔ ዞር አለ።

"ዛሬ ኳሷን የሚስታትንም ልጅ፣ የኛም ይሁን የነሱ፣ አባቱ ቤት በሰላም አግባው።"

"አሚን!" አሉ። ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።