እህት ለመባል

በእኛ አገር በሀብሩ ልጅ መስጠት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ያስመሰግናል። ግራና የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ልጅ ሳይወልድ ሲቀር እናቴ ጡት እንደጣልኩ ለሱ ሰጠችኝ። በስሙ ተጠራሁ። ታናሽ እህቴ ከወላጆቻችን ጋር መርሳ ከተማ ቀረች፤ የምትጠራውም በአባታችን ስም ነው። በገበያ ቀን እየተገናኘን አደግን። እህትማማች መሆናችንን የማያውቅ አልነበረም፤ ወረቀት አምጡ ያለንም የለም።

ዐረብ አገር የሄድኩት መንገዱ ለኢትዮጵያውያን ክፍት በነበረ ጊዜ ስለሆነ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበረኝ። በምሠራበት ቤት ሌላዋ ሠራተኛ ፊሊፒናዊት ናት። ያንኑ ወለል እያጠብን፣ ያንኑ ምግብ እየበላን፣ ዓርብ ዓርብ እሷ ታርፋለች፤ እኔ አላርፍም። እመቤቲቱን ብጠይቃት "የሷ አገር ሰው ውል እረፍት ይላል፣ ያንቺ አገር አይልም" አለችኝ። በዚያ ዓርብ ወለሉን ስፈትግ ፊሊፒናዊቷንም አገሬንም አብሬ ረገምኩ።

እህቴ ስትነሳ ደግሞ ለእኛ ሰው በሩ ጭራሽ ተዘግቶ ነበር። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ መጣች። ኢቃማ ስለሌላት ሥራ ላይ እያለች ተያዘችና ተርሂል ገባች። ተርሂል ማለት ወደ አገሩ የሚባረር ሰው ተራው እስኪደርስ የሚታጎርበት እስር ቤት ነው። እህቴ አስም አለባት። ፓፏ እንዳለቀባትና ትንፋሽ እንዳጠራት አብራት የታሰረች ልጅ ደውላ ነገረችኝ።

አዲስ ፓፍ ገዝቼ ከነፍኩ። መድኃኒት ማስገባት የሚፈቀደው ኢቃማ ላለው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ዘበኛው ኢቃማዬን አየና "አባትሽ ሌላ፣ አባቷ ሌላ" አለኝ። እናታችን ለወንድሟ እንደሰጠችኝ በተሰባበረ ዐረብኛ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። "ሰው ልጁን ይሰጣል እንዴ? ፍየል ነሽ?" አለ።

ከኋላዬ ዘመድ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ትከሻዬን ነካች። የሲሪንቃ ሰው ናት፤ አይቻት አላውቅም። የአባቷ ስም ከአባታችን ስም ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በእኛ በኩል ያ ስም የሌለበት መንደር የለም።

"አብሽሪ፣ ለኔ ስጪኝ። እህቴ ናት እላለሁ" አለችኝ።

ዘበኞቹ እስኪቀያየሩ ጠብቀን ኢቃማዋን አሳየችና ገባች። እኔ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቀረሁ።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ተቀብላኛለች፣ አልሐምዱሊላህ። 'እህትሽ መጣች' ሲሏት አንቺ መስለሻት እየሮጠች ወጣች። እኔን ስታይ ደርቃ ቀረች። ዘበኛው እንዳይነቃብን ብዬ አቀፍኳትና ደጅ መቆምሽን በጆሮዋ ነገርኳት። ከዚያ አንገቴን ይዛ አልለቅም አለች።"

ያቺን ደግ ሴት በቅናት ጠላኋት።

እህቴ ወደ አገሯ የምትሳፈርበት ቀን ሳይደርስ እዚያው ሞተች። እኔም ውሌን ጥዬ መርሳ ገባሁ። ለቅሶ ቤቱ ጭር ሲል እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"ልጄ፣ ሳትሞት አግኝተሻታል?"

ያላስገቡኝ ለምን እንደሆነ ብነግራት፣ ለወንድሟ የዋለችው ውለታ ዕድሜ ልኳን ሊበላት ነው።

"አግኝቻታለሁ እማ" አልኳት። "አንገቴን ይዛ አልለቅም አለች።"