ላይ ሰፈር ያልመጣው ቦኖ

ወገቤን ባመመኝ ቁጥር ምርጫ ትዝ ይለኛል። ይህን ስል ልጆቼ ይስቁብኛል። በእኔ ዘመን ሞጣ ላይ ሰፈር ያደገች ሴት ግን ነገሩ ቶሎ ይገባታል። እንስራ በጠፍር አዝለን ከምንጩ ሽቅብ የወጣነው ያ ዳገት እስካሁን ከጉልበታችን አልወረደም።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው አንድ የቦኖ ውሃ ሊያስተክል ነው ተባለ። የት እንደሚተከል የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነበር። ላይ ሰፈር ከምንጩ ሩቅ ነው፤ ታች ሰፈር ደግሞ ምንጩ አፍንጫው ሥር ነው። ቦኖው ለእኛ እንደሚገባ የሚያጠራጥር አልመሰለንም። ኋላ ግን የታች ሰፈሩ ግራዝማች ጌቴ ለምክር ቤቱ ወንበር ሊወዳደሩ መሆኑ ተሰማና የሰፈራችን ሰዎች ተሰብስበው አባቴ ዘንድ መጡ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዝምተኛና ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው። በጉባኤ መካከል ተነስቶ መናገር ይቅርና ወንበር ስቦ መቀመጥ እንኳ ያፍራል። እንዲወዳደር ያግባቡት ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ እንድሪስ ናቸው። "ለራስህ መናገር ቢያቅትህ ለእነዚህ ልጆች ወገብ ተናገር እንጂ!" አሉት፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። አባቴ መሬት መሬት እያየ እሺ አለ።

መወዳደር ማለት ደግሶ መክረም መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። ድምፅ በባዶ እጅ አይለመንም፤ "እስቲ እንምከር" ብሎ የመጣ ሁሉ ሳይበላና ሳይጠጣ አይሄድም። እናቴ ጋን ላይ ጋን ጠነሰሰች፤ ለሐጂና ለሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ለብቻ ብርዝ ታዘጋጃለች። ቤታችን ጌሾ ጌሾ ሸተተ። ውሃ ላምጣላችሁ የሚል ሰው ቤት ምን ያህል ውሃ እንደሚፈጅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጓደኞቼ ጠጠር ሲጫወቱ እኔ እንስራ አዝዬ በአጠገባቸው አልፋለሁ፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ዴስኩ ላይ ተደፍቼ አንቀላፋለሁ። እናቴ እንግዳው ሲወጣላት መደብ ላይ እግሯን ትዘረጋና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች።

"ግድ የለም የዝና፣ ቦኖው ሲመጣ እተኛለሁ።"

እንቅልፍ እንዲህ በተስፋ የሚጠበቅ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ አልገረመኝም። እኔም የምጠብቀው እሱኑ ነበር።

ድካሙ ግን ፍሬ ያፈራ መሰለ። ላይ ሰፈር በሙሉ ከአባቴ ጋር ሆነ፤ የገበያው ነጋዴም ቃሉን ሰጠ። ሐጂ እንድሪስ ምርጫው ከወዲሁ ያለቀ ነው እያሉ በየሱቁ ያወሩ ነበር።

ምርጫው ሊደርስ ሲል የግራዝማች እናት አረፉ። አባቴ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ ሱቁን ዘግቶ ለቀብር ሄደ፤ ሰፈሩም ተከትሎት ወጣ። የምርጫው ቀን ሰልስት ላይ ዋለ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ግራዝማች ዳስ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ሳለ፣ በሕይወቱ በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቀው አባቴ ብድግ አለ።

"እናቱን ቀብሮ መሬት ከተቀመጠ ሰው ጋር አልፎካከርም። ለእኔ ያላችሁትን ለእሳቸው አድርጉልኝ፤ ማጽናኛ ይሁናቸው" አለ።

ዳሱ በምርቃት ተሞላ። ግራዝማች ተነስተው አባቴን አቅፈው አለቀሱ፤ ከልባቸው ነበር። ሐጂ እንድሪስ ብቻ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ "ማጽናኛ ሌላ፣ ውሃ ሌላ!" እያሉ ወጡ።

እናቴ በሰው ፊት "ደግ አደረጉ" አለች። ቤት ስንገባ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ አባቴ ፊት ቆመች።

"እርስዎ እሳቸውን አጽናኑ፤ እኛንስ ማን ያጽናናን?"

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው" አላት።

ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ለምርጫው የተጠመቀው ጠላ እየተቀዳ ወደ ግራዝማች ቤት ተጓዘ። አላዳረሰም። እናቴ ሌላ ልትጠነስስ ጠፍሩን አነሳችና ዓይኔን ሳታይ ዘረጋችልኝ። የዚያን ዕለቱን ዳገት ያህል የከበደኝ የለም።

ግራዝማች ተመረጡ። ቦኖው ታች ሰፈር፣ ከአጥራቸው ማዶ ተተከለ። ቢቸና ያሉት የእናቴ ወንድሞች ይህን ሰምተው አንድ ዓመት ሙሉ በአባቴ ቀለዱበት። ውሃው በቧንቧ መጣ ተባለ እንጂ ዳገቱ ያው የእኛ ነበር፤ ያውም አሁን ወረፋ ተጨመረበት።

ዛሬ ቧንቧው ጓዳዬ ድረስ ገብቷል። ሲመጣ ይመጣል፤ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። እኩዮቼ ወረፋው ላይ ቆመው፣ ድሮ ሰው ሐዘንተኛ ያከብር ነበር፣ የዛሬ ተመራጭ ለሬሳም አይመለስ እያሉ ያንን ዘመን ያነሳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያከብር ነበር። የአባቴን ስም ዛሬም በዚያች ቀን ሥራው የሚያነሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ስሰማ ደስ ይለኛል። ከደስታው ጋር ወገቤም አብሮ ይነሳል።

እናቴ ስትሞት ላይ ሰፈር ገና ቦኖ አልነበረውም። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ግራዝማች ጌቴ ናቸው። ዳሱን አስጣሉ፤ ለለቅሶተኛው የሚሆን ውሃም ከታች ሰፈሩ ቦኖ በበርሜል አስሞልተው በጋሪ አስመጡልን። ጋሪው ዳገቱን ወጥቶ በራችን ላይ ሲቆም አየሁት።

ውሃው ደጃችን የደረሰ ዕለት እናቴ ተኝታ ነበር።